ምርኮኞቹን ማን ማራቸው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ አሶሳ

ተማሪዎቼን ዛሬም አላመንኳቸውም። ስለ አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ጦርነት የተጻፈውን ተውኔት በድሮውና በአዲሱ ፊልም አይተው እንዲያወዳድሩ ነበር ያዘዝኳቸው። ተውኔቱ ላይ ንጉሡ ምርኮኞቹ እንዲገደሉ ያዛል። የድሮው ፊልም ነገሩን ጭራሽ አያነሳውም፤ በአዲሱ ትእዛዙ ይሰማል፣ ግድያው ግን አይታይም። የልጆቹ ወረቀት በሙሉ "በሁለቱም ፊልም ንጉሡ ምርኮኞቹን ማራቸው" ይላል። ሁሉንም ዜሮ ልሰጣቸው ነበር።

የክፍል ተጠሪዋ ሃዋ "ኧረ ቲቸር፣ አልተኮራረጅንም! ሁላችንም ቪዲዮ ቤት ነው ያየነው" አለችኝ። ይህንንም አላመንኩም። ከሰዓት በኋላ ራሴ ሄድኩ። እዚያ ፊልሙን እያስኬደ በማይክ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው አልፋዲል ነው።

"ምን ብለህ ተረጎምክላቸው?"

"ማራቸው አልኩ።"

"ግደሏቸው እኮ ነው የሚለው! እንግሊዝኛው ጠፍቶህ ነው?"

"አልጠፋኝም።" ማይኩን በጨርቅ እየጠቀለለ ቀና ብሎ አየኝ። "ቲቸር፣ ያን ቀን እዚህ አግዳሚ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ አይተሃል? እዚሁ ክልላችን በነበረው ግጭት ጊዜ ሰው የሞተበት አለ። ከወዲያም አለ፣ ከወዲህም አለ።"

የድሮውን ፊልም የሠሩትስ ለምን ዘለሉት? እነሱም አግዳሚያቸውን አይተው ይሆናል።

ነገ ሁለቱንም ያለ ተርጓሚ ክፍል ውስጥ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። አሁን ግን ከሃዋ አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው።