ቦዩ አደይ ደጅ አይቆምም

ሐሙስ፣ ሰኔ 5
ገበያው ቀዝቃዛ። ትንሽ አቡጀዲ ብቻ ሸጥሁ። ትናንት ማታ ዝናቡ ቆርቆሯችን ላይ ሲወርድ... እንዴት ያለ እንቅልፍ! ጠዋት ሱቁን ስከፍት ጎረቤቴ አደይ ፍራሿን አጥር ላይ ስታሰጣ አገኘኋት። ዐይኗ ደም መስሏል።
«አልተኛሽም?»
«ደመና እያየ ማን ይተኛል? እግሬን አልጋ ላይ ሰቅዬ አነጋሁ።»
ከዘጌ በታንኳ የሚመጣ እንጨት እየቸረቸረች ነው የምትኖረው። ቤቷ ከኛ በታች፣ ሐይቁ ዳር። የሰፈሩ ቆርቆሮ ውሃ ሁሉ እሷ ደጅ ነው የሚተኛው። እስከ መቼ?

እሑድ፣ ሰኔ 8
የቀበሌ ስብሰባ። ጎርፉን ሐይቅ የሚያደርስ ቦይ ሊሠራ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ አካሉ፣ መዋጮው በየቤቱ እኩል አርባ ብር ነው አለ። ያልከፈለ ቤት ደጅ ሲደርስ ቦዩ ይቆማል። «እኩልነት ማለት ይኼ ነው፣ ጓዶች!» ተጨበጨበ።
አደይ አጠገቤ አንገቷን ደፋች። አርባ ብር ከየት ታምጣ? ቦዩ እሷ ደጅ ከቆመ ደግሞ የሰፈሩ ጎርፍ ተሰብስቦ እሷው ላይ! ቤቷን ይዞት ነው የሚሄድ።
እጄን አወጣሁ። «የአደይ ቤት ክዳኗ ሣር ነው፣ ያውም አንዲት ጎጆ። ጎርፉን የምንለቅባት እኛ ባለቆርቆሮዎቹ ነን። በቆርቆሯችን ልክ እንክፈል! ቦዩም ሐይቅ ሳይገባ አይቁም!»
ፋብሪካ የሚሠራው ደሞዝ ሳቀ። «ለመሆኑ ከሁላችን ሰፊ ቆርቆሮ የማን ነው?»
«የኔ!» አልሁ።
አካሉ ውሳኔውን ለሳምንት አሳደረው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ባሌ ሙሀመድሰዒድ አኩርፏል። ለጓሮ ክፍል ያስቀመጥናት ገንዘብ እኮ ናት። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም!» አለኝ። ያንተስ ራስ ከተመለጠ ቆየ፣ ልለው ነበር... ተውሁት። ግን አልመለስም። ወላሂ አልመለስም!

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
በየቤቱ ዞርሁ። የደሞዝ ሚስት አገርነሽ በር ላይ አቆመችኝ።
«ለሰው ቤት ነው እንዴ የምንከፍለው?»
«ለራሳችን ውሃ ነው» አልኋት።
ቀና ብላ ቆርቆሮዋን አየች። ኋላም አስገባችኝ። እግሬ አብጧል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
ከሰዓት ዘነበ። ሙሀመድሰዒድ ጃንጥላውን ይዞ፣ ከጣሪያችን የሚወርደውን ውሃ ተከትሎ ቁልቁል ሄደ። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና፣ «ሴትዮዋ እግሯን ሰቅላ አልጋ ላይ ቁጭ ብላለች» አለ።

እሑድ፣ ሰኔ 15
መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን ነው? የኔው መላጣ! ሐሳቤ አለፈ። በቆርቆሮ ልክ፣ ቦዩም እስከ ሐይቁ። የጓሮ ክፍላችን ሄደች። ትሂዳ!

እሑድ፣ ሐምሌ 6
ሰፈሩ በሙሉ ሲቆፍርና ድንጋይ ሲያግዝ ዋለ። አደይ ከሁላችን በላይ። አካሉ «ሐሳቡ የኔ ነበር» ሲል ሰማሁት። ይበል... ብቻ ይቆፈር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22
ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ። ዛሬ ያልተኛሁት እኔ። ይችለው ይሆን? ይናድ ይሆን? ሲነጋ ወረድሁ። ቦዩ ሙሉ ነው፣ ውሃው ወደ ሐይቁ ይጋልባል። የአደይ በር ግን ዝግ። ደበደብሁ... ደበደብሁ...
ከፈተች። ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ጉንጯ ላይ የትራስ ምልክት።
«ምነው ሸሪፋ፣ በደህና?» አለችና ወደ ውጭ አየች። «ዘንቦ ነበር እንዴ?»