በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ያልተገኘችው ትንኝ

ይድረስ ለተከበሩ የትንኝ ክትትልና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ሳምንታዊ ሪፖርትዎ አንዳች እንከን ሳይገኝበት እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ።

ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈራችን ሰው ክንዱን እያከከ፣ «ኧረ ለመሆኑ ይህን ነገር የሚያይ መሥሪያ ቤት የለም እንዴ?» ይላል። እርስዎም መስኮትዎ ላይ ወንፊት ሳይገጠም በፊት ይህንኑ ሳይሉ አልቀሩም። እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ አለ፤ ዘንድሮ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ለክረምቱ ብቻ ትንኝ ቆጣሪ አድርጎ የቀጠረኝም እሱ ነው። ጓደኞቼ «አራት ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?» ብለው ሲስቁብኝ፣ እኔ የሰው ሕይወት ላተርፍ ነው ብዬ በደስታ እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. ስድስቱ የትንኝ ማጥመጃዎች እንዳይሰረቁ በማሰብ፣ ሁሉም በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ እንዲሰቀሉ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። በእውነትም አንድም አልተሰረቀም።

፪. በየሳምንቱ «የተያዘ ትንኝ፦ ዜሮ» ብዬ ሳቀርብ፣ «ውጤቱ አበረታች ነው፤ ይቀጥል» ብለው በገዛ እጅዎ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። በአምስተኛው ሳምንት ግን ሁላችንም «ጄነራል» የምንላቸው ዘበኛችን ማጥመጃዎቹ ሥር ዙሪያውን ፍሊት ሲነፉ አገኘኋቸው። ምነው ብላቸው፣ «ታዲያ ልጄ፣ የትንኝ ቀለብ ሆኜ ልደር?» አሉኝ። በእሳቸው አልፈርድም፤ በዚህ ክረምት ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ነገር የረጩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

፫. በመመሪያዎ መሠረት የትንኙ ቁጥር ከፍ ካላለ የሚረጨው መድኃኒት ከመጋዘን አይወጣም። እኔም የሚወጣ መስሎኝ አንዱን ማጥመጃ ወስጄ ከቤታችን ጀርባ ካለው ውሃ ከያዘው ቦይ ዳር ሰቀልኩት። በማግስቱ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቆጠርኩ። ቁጥሩን ሮጬ አመጣሁልዎ። እርስዎም ቦታው በማጥመጃ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ የለም ብለው ቁጥሩን መለሱት፤ «ንብረት ያለ ፈቃድ በማዘዋወር» የሚል ማስጠንቀቂያም ሰጡኝ። ከዲግሪዬ ቀጥሎ ማኅተም ያረፈበት የመጀመሪያ ወረቀቴ በመሆኑ አመሰግናለሁ። አክስቴ አይታው እስክትፈርስ ሳቀች፤ «ከዲግሪሽ ጎን እንሰቅለዋለን፣ ደግሞ መስታወት ይገባለት» አለች።

፬. እዚህ ላይ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችው ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ስለሆነ ወደ ቦዩ በሚያየው መስኮት ሥር ነው። ማስጠንቀቂያው በተሰጠኝ ሳምንት ትኩሳት ጀመራት። ሐኪሙ ከትንኝ የመጣ ነው አለ። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም አንድ እጅጌው ሳይገጠም እስካሁን መርፌው ሥር አለ። የልጁ እናት ሐዘናችንን አይታ ስጡኝ ለማለት አፍራለች፤ እኔም ከመርፌው ሥር ላወጣው እጄ እምቢ አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ አሁንም ይህ ሥራ ሰው ያተርፋል ብዬ አምናለሁ፤ ምናልባት ሞኝነቴ ይሆናል። አክስቴ የሰባት ዓመት ልጇን ትታ ሄዳለች። ልጅቱ የምትተኛው እዚያው ክፍል፣ እዚያው መስኮት ሥር ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ደህና ናት። በየማለዳው ግንባሯን ስነካት «አልታመምኩም አልኩሽ እኮ!» ብላ ትቆጣኛለች። ደህና እንዳለች ቦዩ ይረጭልን። ከዚህ ሌላ የምለምነው የለኝም።

ቦዩን በዝርዝርዎ ውስጥ ለማስገባት ብዕርዎን የሚያነሱበትን ቀን በታላቅ አክብሮትና እጅ በመንሳት የምጠባበቅ፣

ኮንትራቷ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን የቀራት ታዛዥዎ፣
ትንኝ ቆጣሪዋ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከመሥሪያ ቤትዎ በአክስቴ ስም ደብዳቤ ደርሶናል። ለካ ክረምቱ ሲጀምር፣ ለእኔም ሳትነግረኝ፣ ቦዩ እንዲረጭ አመልክታ ኖሯል። መልሱ «ጉዳዩ እንዲታይ አመልካቿ በአካል ቀርበው ያስረዱ» ይላል። እሷ መቅረብ አልቻለችም። በእሷ ፈንታ እኔ ብቀርብ የሚፈቀድ እንደሆነ፣ ቀኑንና የቢሮውን ቁጥር እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።