ውቅያኖስ ላይ የቀረችው ተሳፋሪ

ለተከበሩ የአራዊት ማቆያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ ቀለም ካርታም በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ካርታውን ከቤተሰብ መቁጠሬ ለድፍረት አይደለም፤ ከማንም በላይ እሱን ሲያዩ እንደሚውሉ ስለሰማሁ ነው። እኔ ከማቆያዎ የኋላ አጥር ጋር ግቢ የምዋሰን፣ ሚስማር፣ ገመድ፣ ባልዲ፣ የእጅ ጋሪና ይህን የመሰለ ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ባለፈው የሕዝብ ውይይት ላይ የሰፈሩን ነጋዴዎች ወክዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። መልኬን ቢረሱት አልቀየምም፤ በቃለ ጉባኤዎ ላይ አለሁ። እዚያ ላይ ስሜ «ኅብረተሰቡ» ይባላል። ለምን እንዲህ እንደተባልኩ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማቆያውን በሃያ ዓመት ውስጥ አስፋፍተው በመልክዓ ምድር ቀጠናዎች ለመከፋፈል ያወጡትን ዕቅድ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የበረዶው አገር፣ በረሃው፣ ጥቅጥቁ ደንና ሰፊው ሜዳ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን እንስሳት እንዲይዙ፣ በመካከላቸው ያለው ሰማያዊ የተቀባ መሬትም ውቅያኖስ ተብሎ እንዲጠራ መወሰኑ ታላቅ አስተዋይነት ነው። በዚህ ሁሉ ሥራ መሃል የእኔን ጥቂት ቅሬታ ለመስማት ጊዜ እንደማይኖርዎት ስለምገምት፣ ቢያንስ ለማህደር እንዲመች ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ኤሊው። አሮጌው ኤሊ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት ስላልተገኘለት የሚረከበው ቀጠና ጠፍቷል። የበረሃው ክፍል እግሩን አይቶ «የደን ነው» አለ፤ የደኑ ክፍል ጀርባውን አይቶ «የበረሃ ነው» አለ። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ግዥ ክፍል በር ላይ ባለው ኮሪደር እንዲቆይ ተደርጓል። ባለፈው ሳምንት የባልዲ ዋጋ ማቅረቢያ ላስገባ መጥቼ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ወረፋ ከምንጠብቀው ሁሉ የሱን ያህል የታገሠ አላየሁም። ዕድሜውም ረጅም ስለሆነ የመሥሪያ ቤትዎን ውሳኔ በሕይወት ሳለ ይሰማዋል ብዬ አምናለሁ። ከጎኑ ለተቀመጥነው ግን እንጃ።

፪ኛ፦ ስለ ውቅያኖሱ። ባለ መስመሯ የሜዳ አህያ በዕቅዱ መሠረት የሰፊው ሜዳ ነዋሪ ናት። ሰፊው ሜዳ የሚሠራው በአራተኛው ምዕራፍ ነው። እንስሳዋ ዛሬም ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ስለሆነች፣ አራተኛው ምዕራፍ ሲመጣ አጥንቷን ካልሆነ በስተቀር ወደ ሰፊው ሜዳ የሚያስገቡት ነገር አይኖርም። እስከዚያው ድረስ ከእኔ ግቢ አጥር ወዲያ ባለው ጠባብ ቦታ እንድትቆይ ተደርጓል። ቦታው በካርታው ላይ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት አንዲት የሜዳ አህያ በአስተዳደርዎ ውሳኔ ውቅያኖስ ላይ ቆማለች ማለት ነው።

ይህችው እንስሳ ሁለቱም ዓይኖቿ የጠፉ ናቸው። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት ጀምሮ የምትኖረው ሣር ለማመላለስ የመጣ አንድ ተራ አህያ ተከትላ ነበር። አህያው አንገቱ ላይ ቃጭል ነበረው። ከጥላው ወደ ገንዳው፣ ከገንዳው ወደ ሣሩ ሲሄድ ቃጭሉ ያቃጭላል፤ እሷም አፍንጫዋን ጀርባው ላይ አሳርፋ ትከተለዋለች። ጉድጓድ ካለ እሱ ይዞራል፣ እሷም ትዞራለች። ሊጎበኙ የሚመጡ ልጆች እሱን ሹፌር፣ እሷን ተሳፋሪ ብለው ጠርተዋቸው ስሙ እዚያው ቀረ። ከአንበሳው ይልቅ እነሱ ፊት የሚቆመው ሰው ይበዛል ስትል እህቴ አላመንኳትም ነበር። እህቴ፣ ታላቄ፣ በማቆያዎ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ስለሚገባውና ስለሚወጣው ሰው እሷ ትዋሻለች ብሎ መጠርጠር የኔ ድፍረት ነበር።

አሁን ሹፌሩ የለም። የቤት እንስሳ ስለሆነ የየትኛውም ቀጠና ተወላጅ አይደለም ተብሎ ወጥቷል። ተሳፋሪዋ የውኃ ሽታ ስለሚደርሳት ወደ ገንዳው መሄድ ትፈልጋለች፤ ግን ሁለቴ ከገንዳው ብረት ጋር ከተጋጨች ወዲህ እግሯን ለማንሳት ፈርታለች። ተንከባካቢዋ ባልዲ ተሸክሞ እስኪመጣ ድረስ ባለችበት ቆማ ትጠማለች። እሱ ደግሞ በረዶው አገር እየተሠራ ስለሆነ ግማሹን ቀን ድንጋይ ሲያነሳ ይውላል። ከባልዲም ጥቂት ትጠጣለች፣ ከሣሩ ትንሽ ቀምሳ ትተወዋለች። ጎኗ አጥንት በአጥንት ሆኗል።

፫ኛ፦ ስለ አስተያየት ሰጪው። ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ግን ሌላ የማቀርብበት መሥሪያ ቤት ስለሌለኝ ታግሰው ያንብቡልኝ።

በውይይቱ ዕለት አዳራሹ ሞቆ፣ ሰው ሰዓቱን እያየ ነበር። እርስዎ ዕቅዱ የሕዝብ መሆኑን፣ ከሕዝቡም ቢያንስ አንድ አስተያየት ካልተመዘገበ ቃለ ጉባኤው እንደማይዘጋ ደጋግመው ነገሩን። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። የሚናገር ጠፋ። እኔ የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ አዲሱ በር አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ይከፈታል ወይስ ከሱቄ ትይዩ የሚለውን ለማየት። ካርታው ላይ ሁለቱም በነጠብጣብ ተሠርተው ነበር። በልቤ፣ እኚህን ሰውዬ አሁን ደስ ባሰኛቸው በሩ ወደ እኛ ይዞር ይሆናል አልኩ። ተነሳሁና «አህያ ለማየትማ ትኬት ምን ያስቆርጣል? እኔ ሱቅ በር ላይ ቆሞ በነጻ ይታያል» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው ዓይንዎን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። በሳምንቱ የተለጠፈው ቃለ ጉባኤ «ኅብረተሰቡ የቤት እንስሳት ከማቆያው እንዲወጡ አጥብቆ ጠይቋል፤ ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል» ይላል። ስለ ሰፈራችን የፍሳሽ ቱቦ ስንት ዓመት ስጮህ አንድ መስመር ያልተጻፈልኝ ሰው፣ በቀልዴ መመሪያ አወጣሁ። ለሕዝብ ድምፅ ያለዎትን አክብሮት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ማታ ማታ የቀኑን ውሎ የምጽፍበት ማስታወሻ አለኝ። የዚያን ዕለት የጻፍኩት «ስብሰባው ጥሩ ነበር። ሰው ሳቀ። በሩ ወደ እኛ ሳይዞር አይቀርም» የሚል ነው። ስለ አህያው አንድ ቃል የለበትም።

አላውቅም ነበር ብዬ ባመልጥ ደስ ባለኝ። ግን አውቅ ነበር። ቃጭሉን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ተንከባካቢው አሮጌው ቃጭል ተሰንጥቆበት ሱቄ የመጣ ጊዜ ለምን እንደሚፈልገው ነግሮኛል። መደርደሪያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እያቃጨልን፣ ነፋስም ዝናብም የማያፍነውን አብረን መርጠናል። ዋጋም ቀንሼለታለሁ። ይባስ ብሎ ለአንድ ሳምንት ያህል ለገባ ለወጣው ደንበኛ ሁሉ ዓይነ ስውር ረዳሁ እያልኩ ሳወራው ከርሜያለሁ። እንግዲህ ያንን ቀልድ ከአፌ ሳወጣ ሹፌሩ ማን እንደሆነ፣ ማንንም እንደሚመራ አሳምሬ አውቃለሁ። እርስዎ ምናልባት አያውቁም ነበር። በዚህ በኩል ከእኔ ይሻላሉ፤ ይህንን ያልኩት ለማሾፍ አይደለም።

ሹፌሩ በተወሰደ ማግስት ተንከባካቢው ወደ ሱቄ መጥቶ ቃጭሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና ወጣ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር። እህቴ ግን ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትገባ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ይሳቅልህ ብለህ የዓይነ ስውሯን በትር ቀማሃት» አለችኝ። ሽበት ያበቀልኩ ሰው ነኝ፤ «አንተ ልጅ» ስትለኝ ግን በእርግጥም ልጅ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቷ ስትሄድ በማዶው መንገድ ነው የምታልፈው።

አስተያየቴን ልሽር ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በጣም ጨዋ ሴት ናት። አስተያየቱ የኅብረተሰቡ ስለሆነ አንድ ግለሰብ ሊሽረው እንደማይችል፣ ኅብረተሰቡ ሐሳቡን ከቀየረ ግን ዕቅዱ በአምስተኛው ዓመት ሲከለስ መቅረብ እንደሚችል በትሕትና አስረዳችኝ። ስወጣ ኤሊውን ሰላም ብዬው ወጣሁ።

ሹፌሩን የት እንዳደረሱት ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። አዲሱን በር ለሚሠራው ሥራ ተቋራጭ ተሰጥቶ አሸዋ ሲያመላልስ አገኘሁት። በሩ በእርግጥም ከሱቄ ትይዩ ሆኗል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ቀኑን ሙሉ አንገቱ ባዶ ሆኖ፣ አሸዋ ተጭኖ፣ በደጄ ያልፋል። ልክ እንዳልኩት ሱቄ በር ላይ ቆሞ በነጻ ይታያል። ሳምንት አየሁት። ከዚያ በላይ ማየት ስላቃተኝ ተቋራጩን ጠርቼ በሁለት አዳዲስ የእጅ ጋሪ እንለዋወጥ አልኩት። «ጋሪ ሣር አይበላ፣ መሃል መንገድ ላይ አይገተር፤ ተሸውደሃል ወንድሜ» ብሎ እየሳቀ ተቀበለኝ።

ሹፌሩን ጓሮዬ አስገብቼ ቃጭሉን አንገቱ ላይ አሰርኩለት። የሠራሁት መልካም ሥራ መሰለኝ። ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ቃጭሉ ጮኸ። ከአጥሩ ወዲያ ቆማ የነበረችው ተሳፋሪ፣ ያቺ እግሯን ለማንሳት የፈራችው፣ ድምፁን ስትሰማ ሮጠች። አጥር መኖሩን ማን ይንገራት? ደረቷ ጣውላውን መታው። በቀዳዳው ስመለከት ደረቷ እየደማ፣ እዚያው ጣውላው ላይ ተለጥፋ፣ ጆሮዋን ወደ እኛ አቁማ ነበር። ቃጭሉ ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት። ጥፋቴን ላርም ብዬ ሌላ ጨመርኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ በዚህ፣ እሷ በዚያ፣ አጥሩን መሃል አድርገው ቆመው ይውላሉ፤ እኔ ሚስማር ስመዝን ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

፬ኛ፦ ይህኛው ቅሬታ አይደለም፤ ነጋዴ ነኝና የማቀርበው ሐሳብ ነው። ሹፌሩ ለተቋራጩ በሠራባቸው ቀናት አሸዋ ጭኖ በማቆያዎ ግቢ ውስጥ በረሃውን አቋርጧል፣ በደኑ ወጥቷል፣ ውቅያኖሱን ስንት ጊዜ ተሻግሯል። አንድም ባለሙያ ከየት ተፈጠርክ አላለውም፤ ምክንያቱም የተመዘገበው ከአካፋና ከውኃ ጎማ ጋር፣ ማመላለሻ ተብሎ ነበር። ስለዚህ አህያ መሆኑን ይርሱትና በዕቃ ይመዝግቡልኝ። ቀጠና አይፈልግም፣ ካርታዎም አይነካም። ለማቆያው ያለ ክፍያ አውሰዋለሁ፣ ሣሩንም እችላለሁ። በለውጡ በቀልዴ ያገኘሁትን በር ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ይውሰዱት፤ እስካሁን የቆመው ሁለት ምሰሶ ብቻ ነው። የረድፋችን ነጋዴዎች ያኮርፉኛል፣ እሱን ለኔ ይተዉት። ካሁን በፊት ስለ እነሱ ብዬ ሳይሆን ስለ ራሴ ብዬ እንደተናገርኩ እነግራቸዋለሁ።

የምለምንዎት ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነው። ተንከባካቢው እንደሚለው ተሳፋሪዋ በዚህ አያያዟ አምስተኛው ዓመት ቀርቶ የሚቀጥለውን ወር መጠበቋ ያጠራጥራል። ዕቅድዎ ለሃያ ዓመት አስቧል፤ ስለ ነገ ጠዋት የሚያስብ አንድ ገጽ ቢጨመርበት ክብሩ አይቀንስም።

በአዳራሽ አንዴ ስለሳቁልኝ ዕድሜ ልኬን የማልረሳዎ፣ ከውቅያኖሱ ማዶ ያለሁ ጎረቤትዎ፣ በሰፈር አጠራር ሚስማር ሻጩ፣ በቃለ ጉባኤዎ አጠራር ኅብረተሰቡ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይቀንስ ጸጸት ጋር።

ግልባጭ፦
ለኤሊው፣ ግዥ ክፍል ኮሪደር።

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ካሸግኩ በኋላ ለመክፈት ተገድጃለሁ። ዛሬ ጠዋት ታላቅ እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሱቄ ገብታ ጉጠት አውሰኝ ሳትል ከመደርደሪያው አነሳች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ በጓሮ በር ስትወጣ ግን ጨርቁን ከቃጭሉ ውስጥ እንዳወጣ ነገረችኝ። አሁን ከአጥሩ ላይ አራት ጣውላ ጎድሏል። ማን እንደነቀለው የሚያጣሩ ከሆነ፣ እኔ ሚስማር ስሸጥ እንጂ ስነቅል ያየኝ የለም። አጥሩን ለማስጠገን ከወሰኑም በአሠራርዎ መሠረት አስቀድመው ሕዝቡን ያወያዩ፤ እመጣለሁ፣ ፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ ማንንም አላስቅም። እስከዚያው ከቢሮዎ መስኮት በታች ቃጭል ቢሰማዎት አይደንግጡ፤ ውቅያኖሱ ላይ መንገደኛ አለ።