የሐጂ ሰይድ ኢንዱስትሪ

መርሳ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

«ኢንዱስትሪ የተባለ ሁሉ በመንግሥት እጅ ይግባ» አለ በሬዲዮ የአንዱ ፓርቲ ሰው። ፓርቲዎቹ ለምክር ቤት በቀረበው የኢንዱስትሪ ረቂቅ ሕግ ላይ እየተከራከሩ ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ይህን ሰምተው መሰላል ይዘው መጡ። አምና በወፍጮ ቤታቸው ታፔላ ላይ «የእህል ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ» ብለው በትልቁ አስጽፈዋል።

«ያዝልኝማ፣ ላውርደው።»

«ሐጂ፣ ሌላው ፓርቲ እኮ አይሆንም ብሏል።»

«እነሱ እስኪስማሙ ወፍጮዬ ይሂድ? ወላሂ አላምናቸውም! የልጆቼ ጉሮሮ ነው።»

መሰላሉን ያዝኩላቸው። ታፔላውን አውርደው በጆንያ ጠቀለሉት፤ በሩንም በሁለት ቁልፍ ቆለፉት። ክርክሩ ሳምንትም ይቀጥላል ተብሏል። ሐጂ በበኩላቸው ጨርሰዋል።

የሰፈራችን ትራንስፎርመር ክረምት ላይ ከተቃጠለ ወዲህ ወፍጮው አንድም ቀን አልፈጨም። ማሽላችንን የምናስፈጨው ጎረቤት ከተማ ውርጌሳ ወስደን ነው።