የባለቤቴ ስም ከዙሪያው መንገድ ላይ ይውረድ

ቀን፦ ሰኔ 24 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለከተማ ዙሪያ መንገድ ሥራ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅማ

አመልካች፦ ወ/ሮ ሰናይት አብተው፣ የመንገድ ሥራው ካምፕ ክሊኒክ ድሬሰር
አድራሻ፦ ጅማ፣ በቾ ቦሬ

ጉዳዩ፦ የመንገዱን ሰሌዳ ጥላችኋል ተብለው የታሰሩት ወ/ሮ ፈድሊያ አባ መጫ እና ሙሐመድሳኒ አባ ዱራ እንዲፈቱ፣ የሟች ባለቤቴ ስምም ከመንገዱ ላይ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ጓድ ኃላፊ፣

እኔን ያውቁኛል። ባለፈው ሚያዝያ ከተማውን የሚዞረው አዲሱ መንገድ ሲመረቅ፣ በየቡ በኩል ባለው መታጠፊያ ላይ ከርስዎ ጎን ቆሜ የሰሌዳውን ጨርቅ እንድገልጥ የተደረግሁት ጥቁር የለበስሁት ሴት ነኝ። ጨርቁ ሲነሣ በቀይ መደብ ላይ በነጭ ቀለም «የጓድ ለይኩን በየነ መንገድ፤ በአድኃሪያን እጅ የወደቀ የልማት አርበኛ» የሚል ጽሑፍ ታየ። ሕዝቡም እንዲያጨበጭብ ታዘዘ። ለይኩን ባለቤቴ ነበር። ዛሬ የማመለክተው ስሙ ከዚያ እንዲነሣ፣ በስሙ ምክንያት የሚደበደቡ ሁለት ንጹሐን ሰዎችም እንዲፈቱ ነው። ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ ስለማይገባ ያየሁትን እንዳየሁት እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ።

1. ለይኩን የመንገድ ሥራው ጥበቃ አዛዥ ሆኖ ሲመደብ እኔም በካምፑ ክሊኒክ ተቀጠርሁ። የመጣነው ከደሴ ነው። ስንጋባ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያዩት እየሮጡ ይስሙት ነበር። ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። መጀመሪያ ያረፈደ የቀን ሠራተኛ በጥፊ ይመታ ጀመር። ቀጥሎ በጠመንጃ ሰደፍ ሆነ። ወደ ክሊኒኩ ከሚመጡት ቁስለኞች ድንጋይ የወደቀባቸው እያነሱ፣ ባለቤቴ የመታቸው እየበዙ ሄዱ። ስለምነው «መንገድ በልመና አይሠራም» ይለኝ ነበር። እሱ የሰበረውን ሳክም ውዬ ራቱን አቀርብለት ነበር።

2. በኅዳር ወር 1971 ዓ.ም. ቁፋሮው የየቡን አቅጣጫ ይዞ ከአቶ ቲጃኒ አባ ዱራ ቡና ደረሰ። አቶ ቲጃኒ በመንደሩ ጠብ ሲነሣ ለሽምግልና የሚጠሩ ሰው ነበሩ። መንገዱ በማሳቸው እንዲያልፍ አልተቃወሙም። ቡናው ቀልቶ ስለነበር ለቅመው እስኪጨርሱ ብቻ እንዲታገሧቸው ለመኑ። መሐንዲሱም እስከዚያው በሌላ በኩል የምንሠራው አናጣም ብሎ ፈቀደላቸው። ለይኩን ይህን የሰማው ምሳ ላይ ነው። መሐንዲሱን በሰው ፊት የአድኃሪ አሽከር ብሎ ሰደበው። በማግስቱ ጠዋት ዶዘሩን አስነሥቶ ሄደ። እኔም ሰው ይጎዳል ብዬ ስለሰጋሁ የመድኃኒት ሣጥኔን ይዤ በገልባጭ መኪና ተከተልሁ።

ስንደርስ ቤተሰቡ በሙሉ ለቀማ ላይ ነበር። የዶዘሩ ሾፌር ሰዎቹን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። ለይኩን ከመቀመጫው ስቦ አወረደውና አፉን በሰደፍ መታው፤ ጥርሶቹ ደረቱ ላይ ረገፉ። ያን ጊዜ አቶ ቲጃኒ የለቀማ ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ መጥተው በመካከል ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ወንድሜ፣ ረቢን ፍራ። መሬቱን እኮ ሰጥተናችኋል፤ የደረሰውን ፍሬ ብቻ እናንሣ» አሉት።

ለይኩን ዞር በል አላቸው። ዞር አላሉም። ሆዳቸው ላይ ተኮሰ። ጥይቱ ቅርጫቱን በስቶ ገባ፤ ሲወድቁ ቡናውና ደማቸው አብሮ ፈሰሰ።

ከቡናው መሐል ሰዎች ሜንጫ ይዘው ወጡ። ማን ቀድሞ እንደሰነዘረ አላየሁም፤ ይህን በየትም ቦታ ስጠየቅ የምመልሰው ይኸው ነው። ለይኩን ሁለተኛ ጥይት ሲያቀባብል አንገቱን ተመታ። ጠባቂዎቹ ሳያልሙ ወደ ቡናው ውስጥ ተኮሱ። ሴቶች ልጆቻቸውን ከሥራቸው አድርገው መሬት ላይ ተደፉ፤ ከተደፉት መካከል ያልተነሡ ነበሩ።

3. አቶ ቲጃኒንና ለይኩንን በገልባጩ መኪና ላይ ጎን ለጎን አጋደምናቸው። የአቶ ቲጃኒ ባለቤት ወ/ሮ ፈድሊያ ማንም ሳይፈቅድላቸው ዘለው ወጡ። የነበረኝ ፋሻ ወዲያው አለቀ። ወ/ሮ ፈድሊያ ሻሻቸውን ከራሳቸው አውልቀው ለሁለት ቀደዱና ግማሹን በባላቸው ሆድ ላይ ጫኑ። ሌላውን ግማሽ ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንኪ፤ ያንቺም እየፈሰሰ ነው» አሉኝ።

ባላቸውን የመታው ባለቤቴ መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል። ጓድ ኃላፊ፣ እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን አደርገው እንደነበር አላውቅም። አቶ ቲጃኒ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ከተማ ሳንገባ ዐረፉ። ለይኩን በቾ ቦሬ ስንደርስ እጄ ላይ ሞተ። ጉሮሮው ተቆርጦ ስለነበር ሊናገር አይችልም ነበር። በምረቃው ዕለት «አብዮቱ ያሸንፋል እያለ ወደቀ» ተብሎ የተነገረው ሐሰት ነው። ይህን የምናውቅ እኔና ወ/ሮ ፈድሊያ ብቻ ስለሆንን እስከ ዛሬ የሚያስተባብል አልተገኘም።

4. በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠባቂዎቹ ወደ መንደሩ ተመልሰው ቤት አቃጠሉ። ሜንጫ ከተገኘበት ቤት ሁሉ ወንዱ ተወሰደ፤ በዚህ አገር ግን ሜንጫ የሌለው ገበሬ የለም። የተወሰዱት ለመንገዱ በተቆፈረው ቦይ አፋፍ ላይ ተረሸኑ። በላያቸው ገረጋንቲ ተደፋ፣ ሮለርም ሄደበት። ይህን በወሬ አልሰማሁም። የሚተርፍ ቁስለኛ ካለ ብዬ ሄጄ ነበር፤ ገረጋንቲው ገና ሳይደፋ ከቦዩ ውስጥ የአንዱ እጅ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልወርድ ስል በጸጉሬ ጎትተው መለሱኝ። ዛሬ ከአጋሮ ቡና ጭነው ከተማ ሳይገቡ የሚያልፉት መኪኖች የሚሄዱት በዚያ ላይ ነው።

5. ሰሌዳው ከተተከለ በኋላ ነገሩ እየበረደ ይሄዳል ብዬ ነበር። ነገር ግን በባለቤቴ ምትክ የተሾመው የጥበቃ አዛዥ ቱሉ፣ በዚያ የሚያልፍ ገበሬ ሁሉ ቆሞ ለሰሌዳው እጅ እንዲነሣ አዘዘ። ወደ የቡ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው እንዲያጎነብሱ ይደረጋል። የዘነጋ ወይም የፈጠነ በአለንጋ ይገረፋል። የተገረፉትን የማጥባቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጀርባው የተተለተለ ገበሬ መጣና እንደ ወጉ ማን እንደመታው ጠየቅሁት።

«ባልሽ» አለኝ።

ለይኩን ከሞተ ያን ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ሰውየው ሊያላግጥብኝ አልፈለገም። የተመታበትን ምክንያት ነው የነገረኝ።

6. በያዝነው ሰኔ መጀመሪያ የአቶ ቲጃኒ እናት እማማ ሀጂራ በመታጠፊያው ሲያልፉ እንዲያጎነብሱ ታዘዙ። ልጃቸውን ለገደለ እንደማያጎነብሱ፣ ስግደትም ለአላህ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ጠባቂው በሰደፍ ገፍቶ ጣላቸው፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ እኔ አመጧቸው። የማን ሚስት እንደሆንሁ ያውቁ ነበር። እግራቸውን ሳስር እጄን ያዙና በኦሮምኛ ተናገሩኝ፤ አጠገባቸው የነበሩት ምራታቸው ወ/ሮ ፈድሊያ ተረጎሙልኝ።

«ባልሽ ልጄን የመታው አንድ ቀን ነው፤ ስሙ ግን በየቀኑ ይመታናል። እኛ ብንነካው እንሞታለን። አንቺስ?»

እግራቸውን አስሬ ጨረስሁ። እማማ ሀጂራ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ።

7. ከቀብራቸው በኋላ በነበረው እሑድ ጠባቂዎቹ ለስብሰባ ወደ ካምፕ ተጠሩ። እኔም የለይኩንን መጋዝ ይዤ ወደ መታጠፊያው ሄድሁ። እኩለ ቀን ነበር፤ ዝናቡ ግን ሰው አያሳይም። የሰሌዳውን ሁለት የባሕር ዛፍ እግሮች ቆርጬ ጣልሁ። ሲወድቅ የቆርቆሮው ጠርዝ ግራ መዳፌን ሰነጠቀው፤ በኋላ ራሴው ሰፋሁት። ቆርቆሮውን ከእንጨቱ ነቅዬ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በጀርባዬ አዝዬ ቤቴ አስገባሁት። ስቆርጥ አለቀስሁ። ባለቤቴን ስለጠላሁ ያደረግሁት እንዳይመስልዎ። ልጆች እየሮጡ የሚስሙት መምህር የነበረ ሰው ስሙ የሰው መግረፊያ ሆኖ ሲቆም ማየት ስላልቻልሁ ነው።

8. በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ወደመብኝ ሲል አመለከተ። ቱሉም አንዳች ሳያጣራ ወ/ሮ ፈድሊያንና የአቶ ቲጃኒን ወንድም ሙሐመድሳኒን ይዞ በካምፑ የሲሚንቶ መጋዘን አሰራቸው። ሙሐመድሳኒ ወፌ ላላ ተሰቅሎ የውስጥ እግሩን ይገረፋል። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቷል። ለነገ ግርፋት እንዲደርስ ነው የሚያሳክሙኝ። ወ/ሮ ፈድሊያን ቆመው እንዲያዩ ያደርጓቸዋል፤ እሱ ራሱን ሲስት ደግሞ እሳቸውን ይመታሉ።

ወ/ሮ ፈድሊያ ሰሌዳውን የጣልሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉ። ቁስላቸውን ሳጥብ የተሰፋውን መዳፌን አዩትና ቀና ብለው ፊቴን ተመለከቱ። ከዚያ እጄን አጥፈው ጨበጡልኝ። እስካሁን እየተመቱ ስሜን አልጠሩም።

እኔ ወደ ቱሉ ሄጄ ሰሌዳውን የጣልሁት እኔ ነኝ አልሁት። መዳፌንም አሳየሁት። አዘነልኝ እንጂ አላመነኝም።

«እህቴ፣ ኀዘኑ አእምሮሽን ነክቶታል። የሰማዕት ሚስት እንዲህ አታደርግም» አለኝና በመኪና ወደ ቤቴ አስወሰደኝ።

ቆርቆሮው ቤቴ መሆኑን አልነገርሁትም። በእጁ ከገባ ማስረጃው ይጠፋል ብዬ ፈራሁ፤ ለእሱ ከእውነቱ ይልቅ የሚረሸን ሰው ያስፈልገዋል። ሁለቱን በመጪው ዓርብ፣ ሰሌዳው በነበረበት ቦታ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ባለበት እንደሚረሽናቸው ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ጓድ ኃላፊ፣ ከሳሹ የርስዎ ጽሕፈት ቤት በመሆኑ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) ጽሕፈት ቤትዎ በወ/ሮ ፈድሊያ አባ መጫና በሙሐመድሳኒ አባ ዱራ ላይ ያቀረበውን ክስ ዛሬውኑ በጽሑፍ እንዲያነሣና እንዲፈቱ፣ ሙሐመድሳኒም ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ። ክሊኒኩ ሊያድነው ከሚችለው በላይ ሆኗል።

ለ) በምትካቸው እኔ ተይዤ ፍርድ ቤት እንድቀርብ፣ በዚህ ማመልከቻ የጻፍሁትም በችሎት እንዲሰማልኝ። ያደረግሁትን አልክድም፤ የተቆረጠው እንጨት ዋጋም ይታሰብብኝ።

ሐ) በመታጠፊያው ላይ ሰሌዳ እንደገና የሚተከል ከሆነ የማንም ስም እንዳይጻፍበት። ጅማ፣ የቡ፣ አጋሮ በየት በየት እንደሆኑ ያሳይ፤ መንገደኛ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መንገደኛ እንዲያጎነብስ የተሰጠው ትእዛዝም እንዲሻር።

መ) ከገረጋንቲው በታች ያሉት ሰዎች አስከሬን ወጥቶ ለቤተሰቦቻቸው እንዲሰጥ። ቦታውን መርቼ አሳያለሁ።

ቆርቆሮውን ይዤ መጥቻለሁ፤ ይህን ማመልከቻ በሚያነቡበት ሰዓት ደጅዎ ላይ ቆሜ ነው የምገኘው። በአንደኛው ጠርዙ ላይ ያለው ደም የኔ ነው። የምጠይቀው ካልተፈጸመ ዓርብ ዕለት ከሁሉም ቀድሜ መታጠፊያው ላይ እገኛለሁ። ወ/ሮ ፈድሊያና ሙሐመድሳኒ በሚቆሙበት ሦስተኛ ሆኜ በመካከላቸው እቆማለሁ። ያን ጊዜ ጠባቂዎቹ ወይ ሰማዕት ያሉትን ሰው ሚስት በሕዝብ ፊት መተኮስ፣ ወይ ጠመንጃቸውን ማውረድ አለባቸው።

ዓርብ ሳይደርስ ውሳኔዎን እንደሚሰጡኝ ተስፋ በማድረግ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሰናይት አብተው
የለይኩን በየነ ባለቤት