ቡቺ እንጦጦ ላይ የጠፋ ሰሞን

ዓርብ

ደክሞኛል። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እግሬ አብጧል። ቤት ስደርስ አከራያችን እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ውሻችሁ ሲያላዝን ዋለ። ወይ መላ ፈልጉለት፣ ወይ ለሰው ስጡት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቡቺ የእማዬ ውሻ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ እሱም አባዬም እኛ ዘንድ ናቸው። ቡቺ ያላዝናል፤ አባዬ ዝም ይላል። የትኛው እንደሚከብድ አላውቅም።

ባለቤቴ ለሥራ ሐዋሳ ነው። ልጄ ሶስና «ነገ እንጦጦ ወስደን እናናፍሰው» አለች። ተኝቼ ላረፍድ ያሰብኩበት ቅዳሜ ነበር። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ

ውኃ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የአባዬ ከዘራ። የታክሲው ረዳት ቡቺን ሲያይ «ውሻ አንጭንም» አለን። ከቀበና በእግራችን ወጣን። አባዬ በየመታጠፊያው ይቆማል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ግን አየሩ ቀለለኝ። ሶስና ከቡቺ ጋር እየሮጠች ትስቃለች። ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ።

ከዚያ ከአንድ ገበሬ አጥር ውሾች ወጡብን። ሶስናን ወደ ኋላዬ ስስብ ገመዱ ከእጄ አመለጠ። ቡቺ ቁልቁል ወደ ጫካው፣ ውሾቹም ተከትለውት። እስኪደክመን ተጣራን። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ጠየቅን፤ አላየንም አሉ። ለአንዷ ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት።

ሲመሽ «አባዬ፣ እንውረድ፤ እዚህ ጅብ አለ» አልኩት።

«ጅብ ስላለ አይደል የምንፈልገው?» አለኝ።

ጎትቼ አወረድኩት። ሶስና እያለቀሰች ተኛች።

እሑድ

ስነቃ አባዬ የለም። ቤተ ክርስቲያን የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ነጠላው ግን እንደተሰቀለ ነው። ከዘራው የለም። ስልኩን ትቶታል። እትዬ አስካለ ሶስናን ተቀብለው «ሂጂ፣ እኔ ቁርሷን አበላታለሁ» አሉኝ።

ያንኑ ዳገት እንደገና። እናቴን ቀብሬ አባቴንም ጫካ ውስጥ... አልጨርሰውም።

የትናንቷን ሴት መንገድ ላይ አገኘኋት። «አባትሽ ከላይ ናቸው፤ ከማለዳ ጀምሮ ይጣራሉ» አለችኝ። ጥቂት እንደወጣሁ ድምፁን ሰማሁት። «ቡቺዬ፣ ቡቺዬ» ይላል፤ ልክ እማዬ ትጠራው እንደነበረው። ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ልቆጣው ነበር፤ አልቻልኩም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አደራ ብላኝ ነበር» አለ።

«ምን ብላ?»

«ውሻውን እንዳትጥለው ብላ። እኔ ሌላ ነገር የምትነግረኝ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር።»

ፈገግ ሊል ሞከረና አለቀሰ። በቀብሯ ዕለት እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። እኔም አለቀስኩ። ቡቺን ሳናገኝ ወረድን።

ሰኞ

ቢሮ ተቀምጬ ምን እንደሠራሁ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ያቺ ሴት ደወለች። «አንድ ውሻ ጓሯችን ገብቶ ተኝቷል፤ ያነክሳል።» አስፈቅጄ ወጣሁ፤ አባዬን ይዤ ሄድኩ። ቡቺ ነው። ጆሮው ተቀዷል፣ እግሩ ተነክሷል። አባዬን ሲያይ ጭራውን ብቻ አነቃነቀ። አባዬ በጋቢው ጠቅልሎ አቀፈው። ለሴትየዋ ምን ብዬ እንዳመሰገንኳት አላስታውስም።

የእንስሳት ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ ከተበው። «የነከሱት ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ይኑርባቸው አይኑርባቸው አይታወቅም። አስራችሁ ተከታተሉት፤ ልጅቷ አትንካው» አለ። ፈርቻለሁ። ቡቺን ግቢ ውስጥ አስረነዋል፤ ሶስና በመስኮት እያየችው ነው።

አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሳወልቅለት ተረከዙ ተልጦ ካልሲው ተጣብቆበታል። አንድም ቀን አመመኝ አላለም። ውኃ አሙቄ እግሩን ሳጥበው ነቃ።

«ውሻው በላ?»

«በልቷል።»

«አንቺስ?»

አልበላሁም ነበር። አንድ ሰሃን አቅርቤ አብረን በላን። ቡቺ ይዳን አይዳን ገና አላውቅም።