የሰማይ ድንጋይና የጓሳው ድንበር

ማክሰኞ

ሰሌዳዬን ፎቶ አንስተው በየስልኩ በትነውታል። ከሥሩ «የፊዚክስ መምህርቷም አረጋግጣለች» ብለው ጽፈውበታል። ምኑን ነው ያረጋገጥኩት?

ትናንት ተማሪዎቹ ትምህርት እምቢ ቢሉኝ ነው። በየስልካቸው አንድ ቪዲዮ ይዞራል። ትልቅ የሰማይ ድንጋይ በመጋቢት ምድርን ይመታል የሚል፣ እሳትና ዋይታ የበዛበት። ድንጋዩስ እውነት ነው፣ አለ። ስም እንኳ የለውም፣ ፊደልና ቁጥር ብቻ። እንደኛው ፀሐይን ይዞራል፤ በመጋቢት በአጠገባችን ያልፋል። «አጠገብ» ማለት ግን ከጨረቃ ብዙ እጥፍ ርቆ ነው። ይህን ላስረዳ ብዬ የምድርን ምሕዋር በነጭ ጠመኔ፣ የድንጋዩን በቀይ ሣልኩ። መስመሮቹ ሰሌዳው ላይ ተቋረጡ። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ እንደሚያልፍ ልነግራቸው ስል ደወሉ ተደወለ፤ ሁሉም ተንጋግቶ ወጣ።

ፎቶው ላይ የሚታየው እንግዲህ ድንጋይና ምድር አንድ መንገድ ላይ ሲገጥሙ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከሰሌዳ የወጣውንስ ማን ይመልሰዋል?

ረቡዕ

እማዬ ከገጠር ደወለች። ለሰላምታ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠርቷል። ጓሳው ይከፈት እያሉ ነው። ያንቺን ሥዕል ይዘው ነው አሉ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጓሳው፣ የመንደሩ የጋራ ሣር መሬት፣ ከተዘጋ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን እስኪደርስ ሽማግሌዎቹ ይዘጉታል፤ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ያኔ ሁሉም ያጭዳል። ከዚያ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። አሁን ወጣቶቹ «በመጋቢት ካለቅን ሣሩን ለማን ነው የምናስቀምጠው?» ብለው ተነሥተዋል። ሳይደርስ ከታጨደ ሣሩ ይጎዳል፣ ከብቱም ተከትሎ ይገባል። አንዴ የተጣሰ ሕግ ደግሞ መልሶ አይጸናም። ይህ ሁሉ በኔ ቀይ ጠመኔ!

እማዬ ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ለነገሩ ጣራዬ ያፈሳል። ቢከፈት እኔም አልጠላ» አለች። ተናድጄ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ሐሙስ

እሄዳለሁ። ያበላሸሁትን እኔው ላቃና።

የቤት አከራዬን የተቀደዱ ሁለት ወንፊቶች ለምኜ ክቦቻቸውን ብቻ አስቀረሁ። አንዱን አጋድሞ፣ ሌላውን ከበላዩ ዘመም አድርጎ ይዞ ከላይ ሲያዩት ይቋረጣሉ። በጎን ሲያዩት ግን በመካከላቸው እጅ ያልፋል። ይሄው ነው ነገሩ! ሰኞ ይህን ብይዝ ኖሮ ምን ነበረበት?

ለእሑድ፦
ወንፊቶቹ።
ሰሌዳ የለም፣ ጠመኔም የለም።
«ምሕዋር» አይባልም፤ «መንገድ» ነው።
አልቆጣም። (ይህን አስምሬበታለሁ።)

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። ሰማዩን የሚጠብቁት ሳይንቲስቶች ይህን ድንጋይ «ሊያሰጋ ከሚችል» ወገን መድበውታል። ቪዲዮው ያወራው ይህን ይዞ ነው። ሐሰት አይደለም፣ ግን ይመታል ማለትም አይደለም። ይህን ለገበሬ እንዴት ነው የምናገረው?

ዓርብ

ጋሽ ሽፈራው ለጉዳይ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ መጥተው ወደ ቤቴ ጎራ አሉ። አጎቴ ናቸው፤ ጓሳውን ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች ዋናው።

«ስብሰባውን ቢያራዝሙትስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ወጣቱን የሚመራው የገዛ ልጄ ታምራት ነው። ባራዝመው ልጁን ፈራ ይሉኛል። አንቺ ብቻ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም በያቸው፣ ያልቃል።»

ወዲያው ልቤ ከጀለ። እንዴት ቀላል ነበር! ግን የለም ብዬ በመጋቢት ሲያልፍ ወሬውን ቢሰሙ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል? ተማሪዎቼስ?

«አለማ፣ ጋሼ። ያለውን የለም አልልም።»

ቅር አላቸው። ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። በር ላይ ሆነው ሳምንቱን ሙሉ ከድንበሩ አጠገብ የተሰማራ ከብት ሲጠብቁ እንደከረሙና ወገባቸው እንደዛለ ነገሩኝ። ከሄዱ በኋላ ነው የገባኝ። የምፈልገውን ምሳሌ ሰጥተውኝ ሄደዋል።

ቅዳሜ

በሚኒባስ፣ ቀሪውን በእግሬ። እማዬ የጣራዋን ቀዳዳ እየዞረች አሳየችኝ። እኔ የመጣሁት ሣሩን ላስከለክላት ነው።

እሑድ

ድምፄ ተዘግቷል፤ ቢሆንም ልጻፈው።

ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጥዱ ሥር ተቀመጠ። ወንፊቶቹን አነሣሁ። መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ በጎን አሳየኋቸው። አንዳንዱ ጎንበስ እያለ እጁን በመካከላቸው አሳለፈ። ሳቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲል ታምራት ስልኩን ይዞ ተነሣ።

«ታዲያ የማይነካን ከሆነ የሚያሰጋ ያሉት ለምንድነው?»

«ከድንበሩ አጠገብ የሚሰማራ ከብት ቢኖር፣ አባትህ ምን ያደርጋሉ?»

«ዓይናቸውን አይነቅሉም።»

«ባለቤቱን ይቀጡታል?»

«ካልገባ ምን ብለው!»

«ይሄም እንደዚያ ነው። ትልቅ ነው፣ መንገዱም ወደኛ መንገድ ይጠጋል፤ ስለዚህ ዓይን አይለየውም። በመጋቢት ግን አይገባም። ተለክቷል።»

ጋሽ ሽፈራው ጺማቸውን ዳሰሱ። የደብሩ ቄስ መምሬ ኃይሌ ግን «ወደፊትስ፣ ልጄ?» አሉ።

«እስከ ልጅ ልጆቻችን ዘመን ድረስ መንገዱ ተሰልቷል፤ አይነካንም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፣ አባ። ማንም አያውቅም። ሰማዩን የሚጠብቁትም ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ነው።»

«አላውቅም አለች!» ብሎ ታምራት ጮኸ። ሰዉ ተንጫጫ። እኔም ጮህኩ፤ ያሰመርኩበትን ረሳሁት። ማንም አልሰማኝም። አለቀ፣ ተከፈተ ብዬ ነበር።

ከሴቶቹ መካከል እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በሰው ፊት ስትናገር አይቻት አላውቅም።

«ጣራዬ ሰማይ እንደሚያሳይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እስከ ትናንት ይከፈት ባይ ነበርኩ። ልጄ አንሞትም አለች። ካልሞትን ደግሞ ለከርሞም ክዳን ያስፈልገናል። ዛሬ በእንጭጩ አጭደን፣ ያኔ ምን ልንከድን ነው?»

ጋሽ ሽፈራው «እንደተዘጋ ይቆይ። የሚቃወም ይነሣ» አሉ። ታምራት ተነሣ፤ ጥቂቶችም አብረውት። የተቀመጠው በለጠ።

ሲበተኑ ታምራት «መጋቢት ይምጣና እንተያያለን» አለኝ። «እንተያያለን» አልኩት። ድንጋዩን ግን የለካሁት እኔ አይደለሁም፤ ሌሎች ለክተው እኔ አመንኳቸው። ሂሳቡን ደግሜ ደጋግሜ ስላየሁት አምናለሁ። እማዬ ግን ሂሳብ አላየችም። ያመነችው እኔን ነው፤ ክረምቱንም በዚያው ጣራ ሥር ልታሳልፍ ነው።

አሁን እራት እያቀረበች፣ ከከተማ የጣራ ላስቲክ እንድልክላት አዘዘችኝ። ነገ እገዛለሁ፤ ወፍራሙን።